አሮጌውን ዲስክ ላኪልኝ

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐይደር፣ ሻርጃ፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይንም ከክፉ አሠሪም ይጠብቅህ። አባባ ሰላም ብለውሃል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ሱቁን አንድ ቀን አልዘጉም፤ ምላሳቸውም እንደ ሱቁ ክፍት ነው። ከልጃቸው ሳይለዩ ያሳደጉህ አጎትህ ናቸውና እንዲህ ስላልኩ አትቀየመኝም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ የእሳቸው ስለሆነና ስናወራ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስለሚያዳምጡ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ከነሐሴ ወዲህ የለም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪፕቶ ይዣለሁ። ካሤ አይሱዙውን ይዞ ወልድያ ሲወርድ፣ ከዱባይ ዕቃ ለምታመላልሰው ለወይዘሮ ምህረት ያደርስልኛል።

ነገሬ የኮምፒውተሩ ነው። ከእርዳታ ድርጅቱ መጋዘን ሲጣል በአህያ ጭነህ ያመጣኸው፣ ስትሄድ ደግሞ «ያንቺ ይሁን» ብለህ የተውክልኝ አሮጌው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ታሟል። ሲነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አንዳንዴም ደጋግሜ አጥፍቼ ካላበራሁት አይነሳም።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ክፍሏ ምን እንደሆነች አላየህም። ከሱቁ ጎን ያለችው ጓዳ ዛሬ ጌም ቤት ናት። በዚያ በኳሱ ጨዋታ ውስጥ ያሉትን ክለቦች ሁሉ ስማቸውን ቀይሬ የዋግ ሊግ አድርጌዋለሁ፤ ሰቆጣ አለ፣ ጽጽቃ አለ፣ አበርገሌ፣ ደሃና፣ ሁሉም አለ። ጨዋታው ፊደላችንን ስለማያውቅ የተጫዋቾቹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተጫዋቾቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ገበያ ላይ ጆንያ የሚሸከመው ቢሆነኝ የአበርገሌ አጥቂ ነው፤ ራሱን መርጦ ይጫወታል፣ ጎል ሲያገባ ራሱን በኽምጣኛ ያሞግሳል። ከጦርነቱ ያልተመለሱትንም አላወጣኋቸውም። የአንዱ እናት እማማ ለተጊዮርጊስ ከገበያ ሲመለሱ በራፉ ላይ ቆመው «የኔው የቱ ነው?» ይሉኛል። አሳያቸዋለሁ። ሲሮጥ አይተው ይሄዳሉ።

በጦርነቱ ዘራፊ ሱቁን ሲያራግፍ የአባባን ሚዛን እንኳን አልተወም፤ ኮምፒውተሩን ግን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ቅራቅንቦ» ብሎ ትቶታል።

እኩዮቼ ወይ አግብተዋል ወይ ዓረብ አገር ገብተዋል። እኔን እዚህ ያስቀረችኝ ይህች ክፍል ናት። አባባ ለሽንኩርት ማስቀመጫ ይፈልጓታል፤ «እስከ ሠራች ያንቺ ናት፣ የቆመች ዕለት የሽንኩርት ናት» ብለውኛል። ቃላቸውን እንደማያጥፉ ታውቃለህ። ገንዘብ አልለምንህም። አንድ ዲስክ ላክልኝ።

እህትህ ረውዳ ዓብዱልቃድር


ሻርጃ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለረውዳ፤

ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽ የሰቆጣን አቧራ ይዞ መጣ፤ ሳልጠርገው አነበብኩት። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ሕመሙን ወደ ጠላት ያሻግረው በይልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራው ጥሩ ነው፣ የኮምፒውተር ሱቄም እየሰፋ ነው።

ኮምፒውተሬ እስካሁን በሕይወት መኖሩን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚወድ ብታዪ አታምኚም። ያንን ዘመን የሚያስታውሱ ትልልቅ ሰዎች ማሽኑን እንዳለ ያቆዩና በውስጡ አዲስ ዲስክ ከትተው ይጫወቱበታል። የምልክልሽም እንደዚያው ነው።

አሁን የሚሠራው ዲስክ ገመዱ ቀጭን ነው፤ የኛ ማሽን የሚያውቀው ሰፊውን ገመድ ነው። ስለዚህ በመሀል የምትገባ መቀየሪያ አብሬ ልኬያለሁ። መቀየሪያዋ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ክዳን አለች፤ የትኛው ዲስክ አንደኛ እንደሆነ ለማሽኑ የምትነግረው እሷ ናትና አትጥፋብሽ። ሁለቱንም ዲስክ ሰክተሽ የላክሁትን ሲዲ ስታስገቢ በአሮጌው ላይ ያለው ሁሉ ወደ አዲሱ ይገለበጣል። አሮጌው ሃያ ጊጋ ነበር፤ ይሄ አምስት መቶ ነው። እዚሁ ሙሉውን አንድ ክፍል አድርጌ አዘጋጅቼልሻለሁ። የልጅ ልጆችሽም ቢሆኑ አይሞሉትም።

አንድ ነገር ብቻ። አሮጌውን ዲስክ እንዳትጥዪው። ገልብጠሽ ስትጨርሺ ለካሤ ስጪልኝ፤ ለትዝታ ነው።

ወንድምሽ ሐይደር


ሰቆጣ፣ ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐይደር፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ እጅህን ይባርከው፤ የላክኸው ደረሰ፣ ክፍሏም ሠራች። አባባ ዲስኩን በመዳፋቸው መዝነው «ይህችን ታህል ነገር ነው ቤት የምታስተዳድረው?» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

በደብዳቤህ ቀላል አስመሰልከው እንጂ ማሽኑ መጀመሪያ አዲሱን ዲስክ አላውቀውም አለኝ። ክዳኗን ሳወጣና ሳስገባ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አሮጌው ዲስክ ጀርባም ላይ እንደሷ ያለ ክዳን አገኘሁ፤ ለካስ ሁለቱም «አንደኛ እኔ ነኝ» እያሉ ይጣሉ ኖሯል። አሮጌውን ሁለተኛ ሳደርገው ታረቁ። አዲሱ ድምፅ የሚባል የለውም፤ ቢሆነኝ ሞተ ብሎ ጆሮውን ለጥፎበት ነበር።

ቦታው ሰፊ ስለሆነ ሌላም ሥራ ጀምሬበታለሁ። ኢንተርኔት ስለሌለ ሰው ሁሉ ሚሞሪ ማስጫን ይፈልጋል። ከደሴ የሚመጣልኝን ዘፈን፣ መንዙማ፣ ፊልም፣ ሁሉንም እዚያው ዲስክ ላይ አከማችቼ ለፈለገው እጭናለሁ። ከአበርገሌ በረሃ ድረስ ሰው ይመጣል። ይህን ማድረጌ ማሽኑን የሚጎዳው ከሆነ ንገረኝ።

የአሮጌው ዲስክ ነገር ግን አሳፍሮኝ ነበር። ዕቃ ሞልቶ ከመጣ ባዶውን እንደማይመለስ አንተም ታውቃለህ፤ ከጎረቤት የመጣ ሳህን እንኳን ጨው ሳይደረግበት አይመለስም። እኔ ነጭ ማር አዘጋጅቼልህ ነበር፤ ወይዘሮ ምህረት ማር በአውሮፕላን አልወስድም አለች። በደህና ዕቃ ፋንታ በሽተኛ መላክ ነውር መስሎኝ ሳመነታ አባባ «የጠየቀውን ስጪው፤ ያልጠየቀውን ማር ምን ያደርግለታል» አሉኝ። ስለዚህ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ካሤንም ጉድጓድ ሲያልፍ ቀስ እንዲል አስምዬዋለሁ።

እህትህ ረውዳ


ሻርጃ፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለረውዳ፤

ወአለይኩም ሰላም፤ ረመዳንን በጤና ያድርሰን፣ ጾሙን ያግራልን። ዲስኩ በሰላም ደረሰ። ሰክቼ ሳስነሳው ያንኑ ቀጭ ቀጭ አለኝ። እዚህ ያሉ ሰዎች በስልክ ቀዱት ብልሽ አትስቂብኝ፤ የዛሬ ዲስክ ድምፅ የለውም ብለው ያንን ይናፍቃሉ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ማሽኑን ስትከፍቺው የስክሪኑ ገመድ የሚሰካባት ረዘም ያለች አረንጓዴ ካርድ አለች፤ ጨዋታውን የምትስለው እሷ ናት። ለኔ ላኪልኝና በምትኳ አዲስ፣ ከሷ የተሻለች እልክልሻለሁ። መጀመሪያ የኔ ትድረስ፣ ከዚያ ያንቺን አስከትላለሁ። ስትነቅያት ጫፉን ብቻ ያዢ። የማሽኑ ጀርባ ላይ የነበረው ተለጣፊ ወረቀትስ አልተላጠም? ፎቶ አንስተሽ ሚሞሪውን ለካሤ ብትሰጪው ደስ ይለኛል።

አባባን ሰላም በይልኝ። የምፈልገው ይኸው ነው።

ወንድምሽ ሐይደር


ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሐይደር፤

አሰላሙ አለይኩም። ኢዱ እንዴት አለፈ? የኛ እንዲህ አለፈ።

የበዓል ሰሞን ነውና ሰው ሁሉ ሚሞሪውን ይዞ በራፌ ላይ ተሰልፎ ነበር። ደሴ ያለው ልጅ ብዙ ፊልም ልኮልኝ ያንን ወደ ዲስኩ ሳስገባ ዋልኩ። በማግስቱ ቢሆነኝ አበርገሌን ይዞ ከደሃና ጋር ሲጫወት ተጫዋቾቹ ባሉበት ቀጥ አሉ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ዊንዶውሱን አላገኘሁትም የሚል ጽሑፍ በጥቁሩ ላይ ወጣ። የገለበጥኩበትን ሲዲ አስገብቼ ዲስኩን ከፈትኩት። ሊጉ የለም። የስም ዝርዝሩ የለም። ፋይሎቹ ስማቸው የማይነበብ ምልክት ሆኗል። ዲስኩ ግን ይሠራል፤ አልተሰበረም፣ አይጮህም። ጤነኛ ሆኖ ባዶ ነው።

መናኸሪያው አጠገብ የሻምበል የሚሉት ሰው በትልልቅ ስክሪን አዲስ ጌም ቤት ከፍቷል። እስካሁን ሰው ከኔ ያልሸሸው የራሱን ስም በዚያ ስለማያገኝ ነበር። አሁን በራፌ ላይ መጥተው «ሊጉ ተመለሰ?» ይላሉ፤ አልተመለሰም ስላቸው ወደዚያው ይወርዳሉ። አልፈርድባቸውም። እማማ ለተጊዮርጊስ ግን መብራት የጠፋ መስሏቸው «ሲመጣ ጥሪኝ» ብለውኝ ሄዱ። እሺ ብዬ ሸኘኋቸው።

አባባ እስከ አረፋ ታግሰውኛል። አሮጌውን ዲስክ ቶሎ መልስልኝ። ቀጭ ቀጭ ይበል፣ አሥር ጊዜ አጥፍቼ ላብራው፣ ግድ የለም፤ ሊጉ እሱ ላይ አለ። ካርዷን አልላክሁም። የሌላ ነገር ጊዜ አይደለም።

ረውዳ


ሻርጃ፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለረውዳ፤

ወአለይኩም ሰላም። አላህ ልብሽን ያረጋጋው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው፤ ካሤ መንገድ ተዘግቶበት ወልድያ ከርሟል አሉኝ።

የሆነውን ላስረዳሽ። ማሽናችን ሲሠራ እንዲህ ያለ ትልቅ ዲስክ በዓለም ላይ አልነበረም። ዊንዶውሱም የዚያው ዘመን ስለሆነ ከመቶ ሠላሳ ጊጋ ብዙም ሳይርቅ መቁጠር ያቅተዋል። ሲያቅተው አይናገርም፤ ተመልሶ ከአንድ ይጀምርና ዲስኩ መነሻ ላይ ባለው ነገር ላይ ደርቦ ይጽፍበታል። ዊንዶውሱም ሊጉም መነሻው ላይ ነበሩ። ፊልሞቹ ዞረው መጥተው በልተዋቸዋል። ዲስኩን ከፋፍዬ መላክ ነበረብኝ፤ ለጨዋታ ብቻ ስለመሰለኝ ሙሉውን አንድ አድርጌ ላክሁት። ሚሞሪ እንደምትጭኚ በጥር መጻፍሽን አሁን መልሼ አየሁት። ያን ጊዜ ስለ አሮጌው ዲስክ የተጻፈውን ፈልጌ ሌላውን ዘልዬዋለሁ።

አሮጌው ዲስክ ለጊዜው እኔ ዘንድ የለም። የልጅነት ኮምፒውተሩን መልሶ የሚያሠራ አንድ ሀብታም ደንበኛ አለ፤ ያንን የሚጮህ ዲስክ ስለወደደው ወስዶታል። የተበላሸ መስሎኝ ነው የሰጠሁት። ቢሰጠኝ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ካርዷን ካገኘ ዲስኩን ሊመልስ ተስማምቷል። እሷ እዚህ አትገኝም። ስለዚህ ካርዷን ብትልኪልኝ ሁሉም ይስተካከላል። አትቆጪ። አረፋን በሰላም አሳልፉ።

ወንድምሽ ሐይደር


ሰቆጣ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሐይደር፤

ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ለሁላችንም እንደ ልባችን ይስጠን። ከዚህ የበለጠ ምርቃት ዛሬ አልወጣ አለኝ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካርዷ ከሌለች ጨዋታው አይከፈትም፤ ዲስኩ ከሌለ የሚከፈት ጨዋታ የለም። አንዱን ያዝክና ሌላውን አምጪ አልከኝ። ይህ በየትኛው አገር ነው የዘመድ ወግ የሚባለው? ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ ስለኔ ይመስለኝ አልነበረም። ዘራፊ የናቀውን ዘመድ ወሰደው።

ለትዝታ ነው ብለኸኝ ነበር። ለትዝታ ካልከኝ በኋላ ለሰው ሰጠኸው። ሽጠኸውም ከሆነ ንገረኝ፤ መሸጡ አይደለም የሚያንገበግበኝ፣ ባዶ እጅህን እንዳላስቀርህ በነጠላ ጠቅልዬ መላኬ ነው። አንተ «ኮምፒውተሬ» እያልክ ነው የምትጽፈው። አንተ የምታስታውሰው የልጅነትህን ነው። እኔ የጠየቅሁህ የዛሬ እንጀራዬን ነበር።

አረፋ አለፈ። አባባ እስከ መውሊድ ጨመሩልኝ። የጨመሩልኝ ስላለቀስኩ ነው፤ እሳቸው ፊት ሳለቅስ አንተም አይተህ አታውቅም። ሴቶቹን ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ ሁለት ጊዜ ቤታችን መጥቷል። አባባ አላባረሩትም፤ እኔም አላባረርኩትም።

ካርዷን ለካሤ ሰጥቻለሁ። ጫፉን ብቻ ይዤ ነው የነቀልኳት፤ እንዳልከኝ። ማሽኑ አሁን ባዶ ቆርቆሮ ነው። አምኜህ አይደለም የላክሁት፣ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። እስከ መውሊድ ዲስኩ ይድረስልኝ።

ረውዳ


ሻርጃ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለረውዳ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ ያዘገየውን ያሳምረዋል፤ አሳመረልኝም። አገኘሁት።

ሰውየው ክረምቱን አውሮፓ ነበር። ሲመለስ ደግሞ ካርዷን ተቀብሎ ዲስኩን ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰኝ። በዚህ ሙቀት ቤቱን ፈልጌ፣ ዘበኛው አላስገባም ሲለኝ ቆሜ፣ ተመልሼ፣ እንደገና ሄጄ ነው ከእጁ ያወጣሁት። ለምን በድፍረት አልጠየቅኸውም ትይኝ ይሆናል። ሱቁ የኔ አይደለም ረውዳ። እኔ የተጣለ ኮምፒውተር የምፈታታ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰውየው የአሠሪዬ ወዳጅ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዴም በአሠሪዬ እጅ ነው። ዲስኩን የሰጠሁትም በዚህ ምክንያት ነበር። አገር ቤት ያለ ሰው እንዲህ መሆኔን እንዲያውቅ አልፈለግሁም።

አሁን ስሚኝ። ሊጉን በሙሉ አውጥቼዋለሁ። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ቆጥሮ የሚጨርሰው መጠን ያለው፣ ከመቶ ሃያ የማይበልጥ ዲስክ ነው የመረጥኩት፤ ዞሮ የሚበላው ነገር የለም። ሁለት አድርጌ ገልብጬዋለሁ፤ አንዱን ሰክተሽ አንዱን ሣጥን ውስጥ አስቀምጪ። በካርዷ ምትክ የላክሁልሽን ከኛው ጋር በሚመሳሰል አሮጌ ማሽን ላይ ሞክሬያታለሁ፤ ትሠራለች። ሚሞሪ መጫኛውን በሌላ ዲስክ አድርጊው፤ እሱንም ልኬልሻለሁ።

ሊጉን ከፍቼ አየሁት። ከዚህ በፊት አላየሁትም ነበር። የእማማ ለተጊዮርጊስን ልጅ አገኘሁት፤ በቀኝ በኩል ነው የሚጫወተው፣ በልጅነቱም በቀኝ እግሩ ነበር። እኔንም አስገብተሽኛል፤ ሰቆጣ ውስጥ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነኝ። ሥራ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ አሠሪዬም ዓይኔ ውስጥ አቧራ የገባ መሰለው።

ክፍሏን ለረመዳን ክፈቺ። አባባን እኔ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ በይልኝ። ቢሆነኝንም ሰላም በይልኝ፣ አበርገሌ በነጥብ እየመራ ነው ያለው።

ወንድምሽ ሐይደር


ሰቆጣ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሐይደር፤

አላህ ያቆይህ። እኔ አለሁ፤ ጉልበቴም እንደዚያው ነው።

ካርቶኑን ካሤ አስረክቦኛል። ደብዳቤው ለረውዳ የተጻፈ ነበር፤ ከፍቼ ያነበብኩት እሷ ስለሌለች ነው።

ከመውሊድ በኋላም ጠብቃለች። ካሤ በመጣ ቁጥር መናኸሪያ እየወረደች ባዶ እጇን ትመለስ ነበር። ከዚያ መውረድ ተወች። አንድ ቀን ክፍሏን ራሷ ጠርጋ፣ ወንበሮቹን ደርድራ፣ ቁልፉን ሱቅ ድረስ አምጥታ አዲሱ ሚዛን ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔም ቁልፉን መልሰሽ ውሰጂ አላልኳትም። ቃሌን አላጥፍም ብዬ ነው። ሽማግሌ ሰው ቃሉን የሚያጥፍበት ጊዜ እንዳለ ማን ይንገረው።

በጥቅምት ሄደች። ደላላው፣ «ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ አገሩም አጅማን ይባላል» አለኝ። ወይዘሮ ምህረትን ስጠይቃት አንተ ካለህበት በታክሲ የሚደረስ ነው አለችኝ። አንተ ለሰቆጣ ዲስክ ስትጠቀልል ልጄ አጠገብህ ነበረች።

አንድ ጊዜ ደውላልኛለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ሰዎቹ ደህና ናቸው» አለችኝ። እኔ ስለ ሰዎቹ አልጠየቅኋትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ደላላውም ስልኩን ቀይሯል።

ክፍሏ ሽንኩርት ሞልቶባታል። ማሽኑን ቢሆነኝ ቤቱ ወስዶ ሰንዱቅ ላይ አስቀምጦታል፤ ያንተን ዲስክ ልስጠው ብዬ ነበር፣ የሚሰካው ሰው የለም አለኝ። የምታውቀው እሷ ነበረች።

ለዲስክ ብለህ የሀብታም ቤት ፈልገህ፣ ዘበኛ ሲመልስህ ደግመህ ሄደህ አግኝተሃል። አሁንም ተነሥና አጅማን ሂድ። በር አንኳኳ። ልጄ ያለችበትን ቤት አግኝልኝ። ሌላ ዕቃ አትላክ።

አጎትህ ዓብዱልቃድር